የእናቴ ባቄላ የተነቀለ ቀን

በዚያ ቀን ማሳው ላይ ማን ማን እንደነበረ አስቀድሜ ልናገር። አባቴ ውበቱ ነበር። ጎረቤታችንና የክርስትና አባቴ አያ ደምሌ ነበሩ። የእሳቸው የበኩር ልጅ ሽባባው፣ እኩያዬና የልጅነት ጓደኛዬ፣ ነበረ። የአጥቢያችን አገልጋይ ቄስ አድማሱ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ለብቻቸው የሚኖሩት፣ ጥጥ በመፍተል የሚታወቁት መነኩሲት እማሆይ ትርንጎ ነበሩ። እኔ አስማረ ነበርኩ። ለደቦ የወጡ ሌሎች የመንደራችን ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ጥቂት ስለተናገሩ በስም አልጠራቸውም።

እናቴ አለሚቱ አልነበረችም። ካረፈች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር። ነገሩ ሁሉ ግን የእሷ ነው።

ቦታው እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጉና በኩል ሲወጣ ያለው ደጋ። ወቅቱ ፍልሰታ ተፈትቶ አዲስ ዓመት ሳይገባ፣ ባቄላ የሚያብብበት ጊዜ ነበር።

እኔ ያኔ መካነ ኢየሱስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሞባይልና ሬዲዮ እጠግን ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት እናቴ ስትታመም ነው። ብዙ አልናገርም። ሽባባው «አስማረ ለቃልም ቀረጥ የሚከፈል ይመስለዋል» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ዝም ስል ግን አያለሁ፤ ያየሁትንም ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ መተው አልችልም።

የባቄላውም ነገር እንዲሁ ነው የጀመረው። አንድ ክረምት ከእናቴ ጋር አረም ስናርም አንድ የባቄላ ተክል በስህተት ነቀልኩ። ሥሩ ላይ ድብልብል ነገሮች ተጣብቀውበታል፤ አንዳንዱ ሰሊጥ፣ አንዳንዱ ምስር ያህላል። «እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «የራሱ ጉዳይ ነው፤ መልሰህ ትከለው» አለችኝና ወደ አረሟ ተመለሰች። እኔ ግን አልተመለስኩም። ሱቁ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ። የሚገኘው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ አንዷን አንቀጽ ስፈታ እውል ነበር።

የተረዳሁትን በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የኋላው አይገባችሁም። ባቄላ ሥሩ ላይ ለባክቴሪያ ማደሪያ ይሠራል። ድብልብሎቹ እነዚያ ማደሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ምግብ ያደርግለታል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይሰጠዋል። ይህ ግን በዘፈቀደ አይሆንም። በተክሉ ውስጥ ያሉት ጂኖች ሁሉ ሁልጊዜ አይሠሩም፤ የሚያበሯቸውና የሚያጠፏቸው ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለ። የቤተሰቡ አንደኛው አባል፣ ተመራማሪዎቹ ኒን የሚሉት፣ «ማደሪያው ይሠራ» ብሎ ሥራውን ያስጀምራል። ወንድሞቹ ደግሞ አፈሩን ይጠብቃሉ። አፈሩ በማዳበሪያ ከጠገበ ወደ ውስጥ ገብተው ኒንን ይይዙታል፤ ማደሪያው አይሠራም፤ ምን ያደርግለታል? አፈሩ ከተራበ ይለቁታል። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የአንድ ቤት ልጅ መሆኑ።

እናቴ ይህን አላነበበችም። ነገር ግን ባቄላዋን ማዳበሪያ አታስነካም ነበር። «ባቄላ ጉልበተኛ ነው፤ ካበላኸው ይሰንፋል» ትላለች።

ባቄላዋ የራሷ ነበር። ከእናቷ ቤት ስትዳር ያመጣችው ነው ይባላል። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ወደ ግራጫ ያደላ አረንጓዴ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለበት አለው። ቶሎ ይበስላል። ጎረቤቶቻችን ትልልቁን ምርጥ ዘር ሲወስዱ እሷ የራሷን በቅል ውስጥ አድርጋ፣ አፉን በእበት መርጋ ታስቀምጥ ነበር። በመንደራችን «የአለሚቱ ባቄላ» ይባል ነበር።

ካረፈች በኋላ በመጣው ክረምት አባቴ ቅሉን ሰበረ። ለሙት ዓመቷ የሚቀቀለው ንፍሮ ከራሷ ባቄላ እንዲሆን ፈለገ። ያለውን ሁሉ ከቤታችን ጀርባ ባለው ማሳ ዘራው።

«አባባ፣ ትንሽ ለዘር እናስቀር» አልኩት።

«ለእሷ ነው የምዘራው። ለእሷ አይሰሰትም» አለኝ።

የሙት ዓመት እህል ተቆንጥሮ አይዘራም ማለቱ ነበር፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር ተከራክሮ የሚያሸንፍ የለም።

አሁን ስለ በሽታው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቅጠል የሚያሳብጥ የባቄላ በሽታ ደጋችንን አጥቅቶት ነበር። ቅጠሉ ይቋጥርና እንደ ኪንታሮት ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ተክሉ ይቀነጭራል። ከሁሉ የተጎዱት አያ ደምሌ ነበሩ፤ ከማሳቸው እፍኝ ያህል እንኳ አላገኙም። ስለዚህ በአዲሱ ክረምት መንደርተኛው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ተስማማ። በሽታው የታየበት ማሳ በደቦ ይነቀላል፤ ጠርዙ ብቻ ከታመመ ጠርዙ፣ ሁሉም ከታመመ ሁሉም። የተነቀለው በጉድጓድ ይቀበራል። ባለ ማሳው እምቢ አይልም። አባቴ ቃል ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ጉም ነበር። እኔ ከከተማ ወደ ቤት ከወጣሁ ገና አንድ ሌሊት ማደሬ ነው። ሽባባው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ተጣራ።

«አስማረ! አባትህን ቀስቅስ። አባዬ ማሳችሁ ጠርዝ ላይ ቆመዋል።»

«ምን ሆነው?»

«ምንም አልሆኑም። ባቄላችሁ ነው የሆነው።»

ስንደርስ አያ ደምሌ ጎንበስ ብለው ቅጠል ያገላብጣሉ። የእሳቸው ባቄላ ከእኛ ጋር በአንዲት ቀጭን ድንበር ነው የሚለየው። ከእኛ በኩል ድንበሩን ተከትለው የቆሙት ተክሎች ቅጠላቸው አብጧል። አባቴ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አደረገው።

«ነው» አለ።

እኔም አየሁት፤ በሽታው ነበር። በዚህ ማንም አልተሳሳተም።

አያ ደምሌ ደግ ሰው ናቸው። «አይዞህ ውበቱ፤ ጠርዙ ብቻ ነው። ጠርዙን ነቅለን እንገላገላለን፤ የአለሚቱን እህል አናስነካም» አሉ። ሽባባው ሰው ሊጠራ ሄደ። ቄስ አድማሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ፤ እማሆይ ትርንጎም እንዝርታቸውን መቀነታቸው ላይ እንደሰኩ መጡ፤ መንደርተኛውም ተሰበሰበ።

አያ ደምሌ የመጀመሪያውን ተክል ነቀሉ። አፈሩ ርጥብ ስለነበረ ሥሩ ሳይበጠስ እንዳለ ወጣ። አራገፉት። ድብልብሎቹ ከላይ እስከ ታች እንደ ጨሌ ተደርድረዋል።

ከዚያ አያ ደምሌ ወደ ማሳው መሐል ገብተው፣ ቅጠሉ ያማረ፣ አበባው የሞላ አንድ ተክል ነቀሉ። እሱም እንደዚያው ነው።

«ወደ ሥሩ ወርዷል» አሉ ቀስ ብለው። «ከላይ ያልታየው ከሥር ስለጀመረ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። የሥሩ እባጭ በሽታ ከተባለ ሁሉም ማሳ ታሟል፤ ሁሉም ይነቀላል። በሽታ ካልሆነ ጠርዙ ብቻ። ከዚህ ማሳ ውጭ ደግሞ የእናቴ ባቄላ የቀረበት ቦታ አላውቅም።

«አያ ደምሌ፣ ይኼ በሽታ አይደለም» አልኩ። «ጤናው ነው።»

«እባጭ ደግሞ ጤና የሆነው መቼ ነው?» አለ ሽባባው። «የአያቴም እንቅርት ጤና ነበረ በለኛ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ቄስ አድማሱ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አበረዱት። «እስቲ ልጁ ያስረዳን። አስማረ፣ ቀስ ብለህ ተናገር።»

ተናገርኩ። ከአፈር የሚገባ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር እንዳለ፣ ባቄላው ቤት እንደሚሠራለት፣ እሱም ምግብ እንደሚያዘጋጅለት።

«ተከራይ ነው በለን» አለ ሽባባው።

«አዎ። ተከራይ ነው።»

«በወቅቱ የሚከፍል?»

«በየቀኑ የሚከፍል።»

«እንግዲያው የመካነ ኢየሱስ ሰው አይደለም።» እንደገና ሳቁ። ለትንሽ ጊዜ ነገሩ የሚበርድ መሰለኝ።

አያ ደምሌ ግን አልሳቁም። «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ባቄላ ሳጭድና ስነቅል ነው የኖርኩት። ይህን አላየሁም።»

«የሚነቅሉት ሲደርቅ ስለሆነ ነው» አልኳቸው። «ፍሬ ሲቋጥር ባቄላው ራሱ ያፈርሰዋል፤ ለፍሬው ይበላዋል። አጨዳ ሲደርስ ሥሩ ባዶ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ፣ ያላየሁት ስለሚጠፋ ነው፤ ያየሁት ደግሞ ጤና ስለሆነ ነው። በየት በኩል ልያዝህ ልጄ?»

የነበረኝ ማስረጃ አንድ ነው። ጽሑፎቹ ሁሉ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ድብልብሉ ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ አይሠራም፣ አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል፣ ሮዝ ከሆነ ግን ሕያው ነው፣ ይሠራል። ስለዚህ ትልቁን መርጬ በአውራ ጣቴ ጥፍር ሰነጠቅሁት። ውስጡ ሮዝ እንኳ አይደለም፤ ቀይ ነው። እንዲህ ያማረ አይቼ አላውቅም። ቀዩ ውሃ ጥፍሬ ሥር ገባ።

«ይኸው፣ እዩት» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ደም» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሴት ድምፅ ይመስለኛል። ቄስ አድማሱ አማተቡ። ወደ እኔ ተጠግተው የነበሩት ወደ ኋላ አሉ።

«ደም አይደለም» አልኩ፤ ከዚያም ልክ ያልሆነ ነገር ላለመናገር ስል ጨመርኩ፤ «በደማችን ውስጥ ካለው ቀይ ነገር ጋር ግን ዘመድ ነው።»

ይህ እውነት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ከዚህ የከፋ እውነት አልነበረም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የዳንኩ መሰለኝ። «ከአያ ደምሌ ማሳ አንዱን ንቀሉ» አልኩ። «ባቄላ ሁሉ አለው። ያው ነው የምታዩት።»

አያ ደምሌ ራሳቸው ድንበሩን ተሻገሩ። ረጅም፣ ወፍራም ግንድ ያለው፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ተክል መርጠው ነቀሉ። በቦይ ውሃ ሥሩን አጠቡትና ከፍ አድርገው ያዙት። ነጭ ሥር፤ ንጹሕ። ምንም የለበትም።

ተቀብያቸው የሬዲዮ ዕቃ በማይበት አጉሊ መነጽር ተመለከትኩት። አለፍ አለፍ ብሎ ፈዛዛ ነጥብ አለ፤ ከእኔ በቀር ለማንም የማይታይ። ሊጀመር ሲል የተከለከለ ነገር።

«አያ ደምሌ፣ ባቄላው ላይ ዩሪያ በትነዋል?»

«ከስንዴው የተረፈውን በተንሁበት። አምና ያጣሁትን ልመልስ ብዬ። ምነው?»

«ለዚያ ነው የሌለው። አፈሩ ሲጠግብ ተክሉ ማደሪያውን ይዘጋዋል። የሚዘጉት…» አልኩና ቆምኩ። ስለ ኒንና ስለ ወንድሞቹ በዚያ ጉም ውስጥ እንዴት ብዬ ልናገር? በአማርኛ ስሙን እንኳ የሰጠው የለም።

አያ ደምሌ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አስማረ» አሉ፤ «ክርስትና ያነሣሁህ እኔ ነኝ፤ ክፉ እንደማታስብብኝ አውቃለሁ። ግን የምትለኝን ስማው። የእኔ ንጹሕ የሆነው ማደሪያው ስላልተሠራለት ነው፤ የእናንተ ያበጠው ስለዳነ ነው። ይህን ለማን እነግረዋለሁ?»

የመጨረሻ ነገሬን ጠየቅኩ፤ የግብርና ባለሙያዋ እስክትመለስ እንጠብቅ አልኩ። ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። ሽባባው አሾፈብኝ እንጂ ክፉ ስላልሆነ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ደወለላት። ስልኩን ወደ እኛ አዙሮ ድምፁን ለቀቀው፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።»

«እሷም ማደሪያዋን ዘግታለች» አለ። ማንም አልሳቀም።

ነፋስ ተነሥቶ ጉሙን ወደ አያ ደምሌ ማሳ ይገፋው ጀመር። ሰዉ ሁሉ ነፋሱን አየ። በሽታው በዝናብና በነፋስ እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ እሱን እኔም አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ከጠርዙ ሳይነቃነቅ ቆሞ ነበር። አሁን የአያ ደምሌን ክንድ ያዘና ወደ ማሳው ሌላኛ ጫፍ ወሰዳቸው። ጀርባቸው ብቻ ይታየኝ ነበር። አባቴ ሲናገር፣ አያ ደምሌ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ አባቴ እንደገና ሲናገር አየሁ። ሲመለሱ አያ ደምሌ ወደ መሬት ያያሉ። አባቴ ጋቢውን አውልቆ አጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ከመሐል፣ አበባ የሞላውን ተክል ከሥሩ ይዞ ነቀለ።

«በሉ» አለ፤ «ቃል ቃል ነው።»

ባቄላ ከርጥብ አፈር ሲነቀል ድምፅ አለው። አንዱ ሲነቀል አይሰማም፤ ብዙ ሰው አብሮ ሲነቅል ግን ጨርቅ ቀስ እያለ ሲቀደድ ይመስላል። ንቦች አበባው ላይ ነበሩ፤ ተክሉ ወደ ጉድጓዱ ሲወሰድ አብረው እየዞሩ ይከተሉ ነበር። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ጎንበስ አልኩና ነቀልኩ።

እማሆይ ትርንጎ በላይኛው ጥግ በኩል ነበሩ። ሁለት ሦስት ተክል ከነቀሉ በኋላ ቀና አሉ።

«ማጭድ ስጡኝ። ጣቴ አልጨብጥልኝ አለ።»

«እማሆይ፣ በማጭድ ከሆነ ሥሩ ይቀራል» አላቸው ሽባባው።

«ይቅር። እኔስ ለማን ልቀር ነው? አብረን እንበሰብሳለን» አሉት። ሳቀና ማጭዱን ሰጣቸው። ያን ጥግ እሳቸው አጨዱት። ሰው ሁሉ ደክሞት ስለነበረ ማንም ተከታትሎ ሥሩን አልቆፈረም።

ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር መመለስ ተጀመረ። ማንም እንዲህ ይሁን ያለ የለም፤ ግን ሰዎቹ አካፋውን ተራ በተራ እየተቀባበሉ ጥቂት ጥቂት ያለብሱ ጀመር። ቄስ አድማሱ አልጸለዩም፤ ባቄላ ነውና። ጥምጣማቸውን ግን አስተካክለው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። የመጨረሻውን አፈር አባቴ መለሰ።

ሲመሽ ቤት ውስጥ ምድጃው ዳር ተቀመጥን። የተሰበረው ቅል ሁለቱ ግማሾች ከመደቡ በታች ነበሩ።

«ያልከው ልክ ነው አይደል?» አለኝ አባቴ።

«ልክ ነው።»

«አውቄአለሁ። እናትህ ባቄላን ካበሉት ይሰንፋል ትል ነበር። አንተም ያልከው ያንኑ ነው፤ ነገር አስረዘምክ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ነቀልከው አባባ?»

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ። «ደምሌ አምና ክረምቱን እንዴት እንዳለፈው አይቼዋለሁ። ልጆቹ ሲተኙ እሱ ውጭ ይቆም ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ባቄላው ቢታመምበት፣ በሽታው ከየትም ቢመጣ፣ ከውበቱ ማሳ ነው የመጣው ይላል። አፉ ባይልም ልቡ ይላል። እኔ ልክ ሆኜ፣ እሱ ልጆቹን ይዞ፣ ጎን ለጎን እንዴት እንኖራለን?»

«የእናቴ ግን…»

«አለሚቱ ብትኖር እሷ ነበረች ቀድማ የምትነቅለው» አለ። ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ፤ እኔም ወደ በሩ አየሁ።

በዚያ ዓመት የአያ ደምሌ ባቄላ አልታመመም። ሰዉ «ቶሎ ስለነቀልን ነው» አለ። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙን ብቻ ብንነቅልም ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ይህን የምጽፈው ዘሩ በከንቱ ጠፋ ለማለት ሳይሆን፣ የማላውቀውን እንደማላውቅ ለመናገር ነው።

የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰ። በዋዜማው አያ ደምሌ አህያ ጭነው መጡ፤ ከአዲሱ እህላቸው የመጀመሪያውን ባቄላ። ትልልቅ፣ ነጣ ያለ፣ ንጹሕ ባቄላ። አባቴ አቅፎ ሳማቸው። ንፍሮው ከእሱ ተቀቀለ። ለመብሰል ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ሴቶቹ እንጨት ደጋግመው ጨመሩ። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲዘግን፣ አባቴ አንዲት ፍሬ አንሥቶ በመዳፉ ላይ አገላበጣት። ዓይኗ ዙሪያ ቀለበት የላትም። አልበላትም፤ መልሶም አላስቀመጣትም፤ እንደጨበጣት ዋለ።

በቀጣዩ ክረምት ያ ማሳ ገብስ ተዘራበት። ገብሱ ጉልበት ሲያወጣ እኔ ከከተማ ወጥቼ ነበር። አባቴ ጠራኝና አሳየኝ። ማሳው ሁሉ እንደ ነገሩ የሆነ ገብስ ነው። በላይኛው ጥግ ግን አንድ ቦታ አለ፤ ገብሱ ወፍሮ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ከሌላው በላይ ቆሟል። ዳሩ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። እማሆይ ትርንጎ ያጨዱበት ቦታ ነው። ሥሩ ቀርቶ፣ በስብሶ አፈሩን የመገበው እዚያ ብቻ ነበር።

አያ ደምሌ ድንበሩን ተሻግረው መጡ። ገብሱን ዳሰሱት፣ ከጎኑ ያለውንም ዳሰሱት።

«ውበቱ፣ እዚህ ላይ ምን ጨመራችሁበት?»

«ምንም» አለ አባቴ። «የአለሚቱ ሥር ነው።»

አያ ደምሌ ገብሱን እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያ ቀዩ ነገር?» አሉኝ።

«አዎ።»

ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻሽ አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ያን ዓመት ሁሉ ልክ ነበርኩ የምልበትን ቀን ስጠብቅ ኖሬ፣ ቀኑ ሲደርስ አፌ ላይ የሚጣፍጥ ነገር አጣሁበት። ዘሩ የለማ።

አንባብያን ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠብኝ ይህ ነው። እውነት በራሱ ይቆማል ብዬ አምን ነበር፤ አይቶ የማያምን የለም ብዬ። ያን ቀን ያሳየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያሳየሁት ሁሉ ደግሞ በእኔው ላይ መሰከረ። የፈራ ሰው የሚያየው ፍርሃቱን ነው፤ አያ ደምሌም ለመፍራት በቂ ምክንያት ነበራቸው። አሁን ባቄላ ሲያብብ፣ በሽታ ሳይመጣ፣ ሰው ሳይሰጋ፣ አንድ ተክል ከሥሩ ነቅዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎች በሚያርፉበት ድንጋይ ላይ አኖራለሁ። የጠየቀኝን ሰንጥቄ አሳየዋለሁ። ያልጠየቀኝን አልናገረውም። ሽባባው «የተከራይ ደላላ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል።

ስለ ዘሩ ደግሞ አንድ ነገር። እናቴ እጇ ለጋስ ነበረ። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጋይንት ለገበያ መጥቶ እቤታችን ያረፈ ሰው እፍኝ ባቄላ ይዞ ሳይሄድ አይቀርም። ግራጫ አረንጓዴ፣ ዓይኑ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለበት ያለው ትንሽ ባቄላ ቤታችሁ ካለ፣ ስጡኝ አልልም። መኖሩን ብቻ ንገሩኝ። ለአባቴ እነግረዋለሁ።

እዚያ የነበራችሁም የጎደለውን ሙሉልኝ። ሽባባው፣ «ደም» ያለው ማን ነበር? ቄስ አድማሱ፣ ቆመው ሲጠብቁ በልብዎ ምን ይሉ ነበር? አያ ደምሌ፣ አባቴ ማሳው ጫፍ ላይ ምን አለዎት? እሱ አይነግረኝም።

እማሆይ ትርንጎ ማንበብ አይችሉም፤ ይህን የሚያነብላቸው ሰው ካለ ከእኔ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠይቅልኝ። ያን ዕለት ጠዋት ሲመጡ እንዝርቱ መቀነትዎ ላይ ነበር። ከነቀላው ተመልሰውም ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ፈትል ሲያወጡ በዚያ ሳልፍ አይቼዎታለሁ። እውነት ጣትዎ አልጨብጥ ብሎ ነበር?